በቫኪዩም የሚለጠፍ የሻወር መደገፊያ፦ ለእጅ ማሳረፊያ እንጂ ስቦ ለመነሳት አይሆንም

አዲስ አበባ ውስጥ በሱቅም ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውጭ ያሉ ልጆች ለእናት ለአባታቸው በሻንጣ የሚልኩት ዕቃ ነው። ሁለት ክብ ጎማ፣ መሐል ላይ የፕላስቲክ መያዣ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ተጭኖ የሚቆለፍ ማጥበቂያ አለው። ግድግዳ አይበሳም፣ ባለሙያ አይፈልግም፣ በሁለት ደቂቃ ይለጠፋል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው።

የሚይዘው ከጎማው ስር ያለው አየር ሲወጣ ነው። ስለዚህ ትልልቅና ለስላሳ ሴራሚክ ላይ በደንብ ይጣበቃል። ሸካራ ሴራሚክና ቀለም የተቀባ ልስን ላይ አይሆንም። ትንንሽ ሴራሚክ ላይም አይሠራም፤ ጎማው መገጣጠሚያውን በጥቂቱ እንኳ ከረገጠ አየር በዚያ ይገባል። ከመግዛትዎ በፊት የጎማውን ስፋትና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክተው ከሴራሚክዎ ጋር ያስተያዩ። ከመለጠፍዎ በፊት ግድግዳውንም ጎማውንም በአልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁ፤ የሳሙና ቅሪት ያንሸራትተዋል።

አንዳንዱ ሞዴል አረንጓዴና ቀይ ምልክት አለው። አረንጓዴው ጎማው መጣበቁን እንጂ ሰው መሸከሙን አይናገርም። አየር ቀስ በቀስ ስለሚገባ ትናንት የያዘው ዛሬ ሊለቅ ይችላል። አዛውንቱ ሻወር ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ሌላ ሰው በኃይል ስቦ ይሞክረው። (ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የዕቃው ትልቁ ድክመትም እዚህ ላይ ነው።)

ቆሞ ሲታጠቡ ሚዛን ለመጠበቅ እጅ ማሳረፊያ ይሆናል። ከመጸዳጃ ስቦ ለመነሳት ግን አይሆንም። እግሩ የከዳው ሰው ሙሉ ክብደቱን በድንገት ወደ ኋላ ይጥላል፤ እንዲህ ያለው ጉተታ ጎማውን ከጠርዙ ይልጠዋል።

ለዚያ የሚሆነው በብሎን የሚታሰር የብረት መደገፊያ ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደረጃ 113 ኪሎ ግራም እንዲሸከም፣ ከግድግዳው 38 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ፣ ከወለል ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ይቀረቀራል። ከፍታውን ግን ለአጭር ሰው ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

የኛ አገር ችግር ብሎኬቱ ነው። ውስጡ ባዶ፣ ግንቡ ስስ ስለሆነ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት መሰኪያ) ክፍተቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሲሳብ ሴራሚኩን ይዞ ይወጣል። ሠራተኛው ከመብሳቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ የኮንክሪት ኮለን ይፈልግ። ካጣ ሁለት መንገድ አለ፦ ብሎኑን በግድግዳው አሳልፎ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ማሰር፣ ወይም ብሎኬቱን ከፍቶ በኮንክሪት ሞልቶ ቢያንስ 7 ቀን ማቆየት። ሴራሚኩን ሲበሳ የድሪሉን የመዶሻ ምት ያጥፋ፤ ምልክቱ ላይ ፕላስተር ቢለጥፍበት መብሻው አይንሸራተትም።

በየትኛው ጎን? ስትሮክ የመታው ሰው ከሆነ፣ ደህና በሆነው እጁ በኩል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ሰውየው ሲገባ በቀኙ የነበረው ግድግዳ ዞሮ ሲወጣ በግራው ይሆናል። ስለዚህ መግባቱንም መውጣቱንም አስቀድመው ያስሞክሩት፤ አንድ መደገፊያ ላይበቃ ይችላል።

የኪራይ ቤት ሆኖ አከራይ መብሳት ከከለከለ፣ ገንዘቡን በሻወር ወንበር ላይ ያውሉት። ክንድ ማሳረፊያ፣ ከፍ ዝቅ የሚል እግርና የጎማ ጫማ ያለው ይሁን። ተራውን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አያስገቡ፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ እግሮቹ ይከፈታሉ።