ለአባታችን ክንድ ለደከሙት ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

አባታችን በስትሮክ ምክንያት ቀኝ ጎናቸው ከደከመ ወዲህ፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤታችን ድረስ እየመጡ ለረዷቸው የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን መልሶ የማለማመድ ሕክምና) ባለሙያ በቤተሰባችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋና አቀርባለሁ፤ ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ቤተሰብም ያለ ማቅማማት እጠቁማቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የማመሰግናቸው መሣሪያ ስለመረጡበት መንገድ ነው። እኛ ልጆቻቸው የጠየቅነው ማዮፕሮ ስለተባለው፣ በቆዳ ላይ በሚያርፉ ሴንሰሮች የጡንቻን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ክንድን በሞተር ስለሚያግዘው መሣሪያ ነበር። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድንም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሰዎች ይከፍልበታል። ባለሙያዋ ግን የአባታችንን ክንድ በጥንቃቄ ከመረመሩ በኋላ፣ ክርናቸው ያለ ሞተር እንደሚታጠፍ፣ የቸገራቸውም የጨበጡትን መልቀቅ መሆኑን አሳይተውን፣ ባትሪ የማያሻውንና ጣቶችን በላስቲክ ውጥረት የሚዘረጋውን ሳኤቦግላቭ የተባለ ጓንት መረጡ። ውዱን መሣሪያ ማዘዝ ይቀላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከጓንቱ ይልቅ የጠቀመን ግን በሁለቱም እጆቻቸው አንጓ ላይ ያሰሩላቸው፣ ሰዓት የሚመስለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው። ጤነኛ ሰው ቀኝ ይሁን ግራኝ፣ በቀን ውሎው ሁለቱን እጆቹን በተቀራራቢ መጠን ይጠቀማል፤ የአባታችን መለኪያ ግን በልምምድ ሰዓት የሚታዘዘው ቀኝ እጅ ባለሙያዋ ከወጡ በኋላ ሥራ ፈትቶ እንደሚውል አጋለጠ። በበርሚንግሃም የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ያደረጉት ኤድዋርድ ታውብ ያጠኑት ይህንኑ፣ እጅ እየቻለ ሳይጠቀሙበት የመቅረትን ልማድ ነው፤ የእርሳቸው ሕክምናም ደኅናውን እጅ አግዶ ደካማውን ማሠራት ነው። ባለሙያዋ በዚሁ መሠረት ግራ እጃቸውን በወፍራም ጓንት ሸፍነው፣ ቀኙ እንጀራ እንዲቆርስና እንዲጠቀልል አደረጉ፤ ለአንድ ሐበሻ አባት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። መለኪያው በእግር ሲሄዱ የሚወዛወዘውን ክንድም እንደ ሥራ ስለሚቆጥር፣ ውሏቸውን በማስታወሻ እንድንይዝ ማዘዛቸው ጥንቃቄያቸውን ያሳያል።

ሳኤቦግላቭ ጣቱን በጥቂቱም ቢሆን ማጠፍ ለማይችል ወይም እጁ እጅግ ለገተረ ሰው ስለማይሆን፣ ሳያስመረምሩ ባይገዙት ይመረጣል። የባለሙያዋን ስምና ስልክ ፈቃዳቸውን ስላገኘሁ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ቀጠሮ ለመያዝ የሐኪም ሪፈራል ያስፈልጋል።