ኮች፣ «ገና ነው» ስላሉን እድሜ ይስጥልን

ሰላም ናችሁ፣ ፖስት ማድረግ ብዙም አልወድም ግን ይሄን ዝም ብዬ ባልፈው ህሊናዬ አያርፍም። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋናውን ቡድን ማሊያ ለብሶ 78ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ገባ፣ ከዛ ሰዓት ጀምሮ ስልኬ በእንኳን ደስ አላችሁ አላርፍ ብሏል፣ ሁሉም ታዲያ የሚያመሰግነው የዋናውን ቡድን አሰልጣኝ ነው። ይመስገን፣ እድሉን ሰጥቶታል። እኔ ግን የማመሰግነው ካሜራ የማያውቃቸውን የአካዳሚውን የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል («ስለ ልጆቹ ጻፊ፣ እኔን ተዪኝ» ነው ያሉት) ስለዚህ ኮች እያልኩ ልቀጥል።

ወንድሜ የተወለደው በዓመቱ የመጨረሻ ወር ላይ ነው። ይሄ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፣ በታዳጊ ኳስ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ምድቡ በዓመት ስለሆነ በመጀመሪያው ወር የተወለደ ልጅ እኩያህ ነው ተብሎ ከሱ ጋር ይሰለፋል፣ 12 ዓመት ላይ ደግሞ የ11 ወር ልዩነት ማለት ጉልበትም ቁመትም ነው። በየአካዳሚው ብትቆጥሩ ዓመቱ ሲገባ የተወለዱት ይበዛሉ፣ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። በፊት የሞከረበት ቦታ (የት እንደሆነ ይቅር) በሁለት ቀን አይተውት «አካል የለውም» ብለው መለሱት። በኋላ ስመ ጥር አጥቂ የሆነው ግሪዝማንም በአገሩ በፈረንሳይ ክለቦች ትንሽ ነህ እየተባለ ተመልሶ የስፔኑ ሪያል ሶሲዳድ ነው የተቀበለው፣ እንግሊዛዊውን አጥቂ ቫርዲንም በ16 ዓመቱ ሼፊልድ ዌንስዴይ አሰናብቶታል፣ ግን ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ሲያለቅስ ይሄን ማን ያስታውሳል።

ኮች አንድ ጨዋታ አዩትና «ቁመቱን ተዉት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ይሄ ልጅ ኳሷ ሳትደርሰው የት እንደሚሰጣት ያውቃል» አሉ። ከዛ ያደረጉት ነገር ግን እኔን አናደደኝ፣ ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ዓመት ከሚያንሱት ልጆች ጋር አጫወቱት። እኔ ዝቅ ያደረጉት መስሎኝ ነበር። ለካ ከግዙፎቹ ጋር ሲሆን ኳሷን እንደ እሳት ቶሎ ነበር የሚለቃት፣ በሰውነት ከሚመጥኑት ጋር ሲሆን ይዞ መዞርና አንድ ሰው ማለፍ ደፈረ፣ ድፍረቱን ካገኘ በኋላ ከሚበልጡት ጋር መልሰው ቀላቀሉት። አሁን ትልልቅ አካዳሚዎችም በልደት ብቻ ሳይሆን በሰውነት እድገት እየመደቡ እንደሚያጫውቱ የሰማሁት በኋላ ነው።

14 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በአንዴ ተመዘዘ፣ ሱሪ አይደርሰው ጫማ አይበቃው፣ ከጉልበቱ ስር ማበጥና ማመም ጀመረው፣ ያ ቀልጣፋ ልጅ ኳስ እንኳን በስነስርዓት ማቆም አቃተው። እኛ ሰነፈ አልን። ኮች እናታችንን ጠርተው አስረዷት፣ አጥንቱ በፍጥነት ሲረዝም የጭኑ ጡንቻ በጅማቱ በኩል ከጉልበት ስር ያለውን ገና ያልጠነከረ አጥንት ይጎትተዋል፣ ብዙ ስፖርተኛ ልጆችን የሚይዝ ነገር ነው፣ በትእግስት ያልፋል ብለው። ዝላይና ጠንካራ ምት ቀነሱለት፣ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ላኩት፣ በልምምድ ሰዓት ግን ቤት አላስቀሩትም፣ አጠገባቸው አቁመው «6 ቁጥሩ (ከተከላካዮቹ ፊት የሚጫወተው አማካይ) ለምን እዛ ቆመ መሰለህ?» እያሉ ጨዋታ ያስነብቡት ነበር።

አሁን ወደ ማፍርበት ልምጣ። 17 ዓመቱ ላይ እኩዮቹ ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ሲጀምሩ እሱን ኮች አላሳለፉትም። እኔ ሆዬ በሌሊት ቴሌግራም ላይ ረጅም ነገር ጻፍኩላቸው፣ ለምን ወንድሜን ያፍኑታል፣ የራስዎ ሰው አለ ወይ ምናምን። አልተቆጡም። በማግስቱ ደብተር ይዘው መጡ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ባለፈው ጨዋታ ወንድሜ 22 ጊዜ ኳስ ተቀብሏል፣ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ያየው 9 ጊዜ ብቻ ነው። የባርሴሎናውን አማካይ ሻቪን አይታችሁት ከሆነ አንገቱ እረፍት አልነበረውም፣ አማካይ የሚኖረው ዞር ብሎ በማየት ነው። «በዚህ ዘጠኝ ዋናው ቡድን ቢገባ በሁለተኛው ሳምንት ይመልሱታል፣ የተመለሰ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አይጠሩትም። ገና ነው» አሉኝ። ምን እላለሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዛ ውሰት መጣ፣ ለጊዜው ለሌላ ክለብ ሰጡት፣ አለቀለት ብዬ ነበር፣ ግን አጥቂው ሃሪ ኬንም ቶተንሃም ላይ ከመቆሙ በፊት ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊች፣ ሌስተር ዞሯል። ወንድሜ በውሰት በቆየበት ጊዜ ሁሉ ኮች በየሳምንቱ ይደውሉለት ነበር፣ የሳቸው ተጫዋች ሳይሆን'ኮ ነው።

ደጋፊ ሆናችሁ «ታዳጊ ምን ያደርጋል፣ ግዙ» ለምትሉ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በ1995 መክፈቻ ጨዋታውን በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ የቴሌቪዥን ተንታኙ አላን ሃንሰን በልጆች ምንም ማሸነፍ አይቻልም፣ ዋንጫም አይመጣም አይነት ነገር ብሎ ነበር፣ በዛው ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ። ባርሴሎና ደግሞ በ2012 ሌቫንቴን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ አልቬስ ተጎድቶ ሞንቶያ ሲገባ ሜዳ ላይ የነበሩት 11ዱም በላ ማሲያ (በክለቡ የታዳጊዎች አካዳሚ) ያለፉ ነበሩ። ደስ ይላል፣ ግን ፎቶ ላይ የማይታዩት ልጆች ይበልጣሉ። ወንድሜ በ13 ዓመቱ የተነሳው የቡድን ፎቶ ላይ 18 ልጆች አሉ፣ ዋናው ቡድን የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ኮችን ይበልጥ የማከብራቸው እዚህ ላይ ነው፣ የትምህርት ቤት ውጤት ሳያዩ ማንንም አያሰልፉም፣ የቀሩትንም ልጆች ዛሬም ይደውሉላቸዋል፣ አንዱ አሁን ራሱ ፊዚዮቴራፒ እየተማረ ነው።

ወላጆች አንድ ነገር ከሳቸው የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች ወረቀት አትጣሉ። ኮንትራቱ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ቢዛወር የፊፋ ደንብ ከዝውውሩ 5 ፐርሰንቱን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ያከፋፍላል፣ ትንሿ የሰፈር ቡድን ድርሻዋን የምታገኘው ማስረጃ ካለ ነው።

ቅዳሜ ኮች ስታዲየም አልነበሩም፣ ከ13 ዓመት በታቾቹ ልምምድ ነበራቸው። ማታ ለወንድሜ ቴክስት ላኩለት፣ «ሁለተኛዋን ኳስ ሳታይ ነው የተቀበልካት። እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።» እውነትም ሁለተኛዋን ተቀምቷል፣ እኛ በደስታ ብዛት ማን አይቶ።

ልጅ ያላችሁና አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ልምምድ ላይ ስልክ አያነሱም፣ ደግሞ ልጄ መቼ ነው ዋናው ቡድን የሚገባው ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ መልሳቸውን ታውቁታላችሁ 😂