ቀይ ቀለም የማይሆንለት ላፕቶፕ

ይህን ላፕቶፕ ደሴ ፒያሳ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ፍጥነቱ ደህና ነው፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ያቆየኛል። ሆኖም እንደገና ግዛ ብባል አልገዛውም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ስክሪኑ።

እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ኤዲት ማድረግ ነው። የሙሽራዋ ጥለት ደማቅ ቀይ ሆኖ ሳለ እዚህ ስክሪን ላይ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ፊቷም ደም የሌለው ይመስላል። ያየሁትን አምኜ ቀዩን ከፍ ሳደርግ፣ ታትሞ የሚመጣው ፊት ቲማቲም ነው። ድጋሚ የማሳተሚያው ወጪ ደግሞ ከኔው ኪስ ይወጣል።

ሻጩ «ሴቲንግ ነው» አለኝ። እሺ፣ ሴቲንጉን አየነው። ናይት ላይት ሲበራ ስክሪኑን ቢጫ ስለሚያደርግ ከሱ ጀመርኩ፤ ጠፍቷል። በባትሪ ሲሠራ ምስሉን የሚያደበዝዘውን የኢንቴል ኃይል ቆጣቢም አጠፋሁት። የግራፊክስ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጄ እንደ አዲስ ጫንኩ። ከለር ፕሮፋይሉን ወደ መጀመሪያው መለስኩ። ብርቱካናማው ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጠጋኝ «ኬብሉ ነው፣ ይፈታ» አለኝ። አላስፈታሁም። የስክሪኑ ኬብል የሚያልፈው በማጠፊያው በኩል ነው። ከተጎዳ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። የኔ እንዴትም ባደርገው ያው ነው።

ቁርጡን ያወቅሁት የጓደኛዬን ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ስሰካ ነው። ያው ፎቶ፣ ያው ላፕቶፕ፤ ቀዩ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ! ስለዚህ ግራፊክሱም ዊንዶውሱም ጤነኛ ናቸው። የፓነሉን፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየውን የስክሪኑን ክፍል፣ ሞዴል ቁጥር ፈልጌ መረጃውን አነበብኩ፦ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ። ኤንቲኤስሲ ስክሪን የሚያሳየው የቀለም ስፋት መለኪያ ነው። ፎቶዎች በብዛት ከሚዘጋጁበት ከኤስአርጂቢ ቀለሞች 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አልተበላሸም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲህ ነው። ካሊብሬሽን (የስክሪን ቀለም ማስተካከል) ያለውን ያስተካክላል እንጂ ፓነሉ የሌለውን ቀይ ከየት ያመጣል?

አሁንም «ፉል ኤችዲ እኮ ነው» ትለኝ ይሆናል፣ ሻጩ ወንድሜ። 1920 በ1080 የነጥቦቹ ብዛት ነው። ስለ ቀለም አንዲት ነገር አይናገርም። ራሙን ነገርከኝ፣ ኤስኤስዲውን ነገርከኝ፣ ቦርሳም መረቅክልኝ። ለፎቶ ሥራ እንደምፈልገው ግን ፊትህ ቆሜ ነግሬህ ነበር። «ለዚህ ሥራ አይሆንህም» ለማለት ምን ከለከለህ?

የተሻለ ፓነል ደሴም ኮምቦልቻም ጠይቄያለሁ። መጠኑ፣ ማሰሪያውና የፒኑ ብዛት ከገጠመ መቀየር ይቻላል። የሚመልሱልኝ ግን «15.6 ኢንች አለ» ብቻ ነው። ስንት በመቶ ኤስአርጂቢ እንደሆነ የሚነግረኝ ሱቅ አላገኘሁም። እስከዚያው በውሰት ሞኒተር እሠራለሁ፤ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊመርጡ ሲመጡም የማሳያቸው በሱ ነው።

ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ወይም ለፊልም የሚፈልግ ካለ ይውሰደው፣ ደህና ዕቃ ነው። ለፎቶ ወይም ለዲዛይን ሥራ ለሚፈልግ ግን ዋጋ ቢጨምርልኝም አልሸጥለትም።