አናቢን፦ የውጭ አገር ዲግሪ በጀርመን ያለውን ዋጋ የሚያሳይ የመረጃ ቋት

በአገር ቤት ያገኘው የመጀመሪያ ዲግሪ ጀርመን ውስጥ ለማስተርስ ያበቃው እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ለደላላም ሆነ ለአማካሪ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አናቢንን ቢያይ እመክራለሁ። የጀርመን ክፍለ ግዛቶች የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ የሚያስተዳድረው ይህ የመረጃ ቋት በነጻ የሚታይ ሲሆን፣ አገርና ተቋም መርጠው ሲፈልጉ ከዩኒቨርሲቲው ስም ጎን ምልክት ያሳያል። ኤች ፕላስ ተቋሙ በከፍተኛ ትምህርት ተቋምነት መታወቁን፣ ኤች ማይነስ አለመታወቁን ያመለክታል፤ ሁለቱንም የያዘው ምልክት ግን ጉዳዩ በተናጠል መታየት እንዳለበት ይናገራል።

ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተቋሙ መታወቅ ብቻውን የዲግሪውን አቻነት አያረጋግጥምና፣ የዲግሪው ዓይነት በሌላ ገጽ ለብቻው መፈለግ አለበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቅበላውን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ የተማሩት ኮርስ ከሚያመለክቱበት ዘርፍ ጋር መቀራረቡንና ውጤትዎን ይመዝናል። ለምሳሌ ከ4.00 የተገኘ 3.00 ነጥብ፣ ማለፊያው 2.00 ከሆነ፣ የውጭ ውጤትን ወደ ጀርመን ነጥብ በሚቀይረው በተለመደው የባቫሪያ ቀመር 2.5 ይሆናል፤ በጀርመን አሠራር ትንሹ ቁጥር የተሻለው መሆኑን ልብ ይሏል።

የአናቢን ትልቁ ጉድለት መረጃው በጀርመንኛ መቅረቡ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ወጣት ይህ እውነተኛ እንቅፋት ስለሆነ፣ ጀርመንኛ የሚችል ሰው አጠገብ አስቀምጦ ቢያነብ ይሻለዋል።