ከ8 ወር በኋላ፦ የሮቦት ክንዴ ሰርቮዎችና ፓወር ሰፕላዩ

እቺን ክንድ አራት ኪሎ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካቆምኳት 8 ወር ሆናት። አካሏ አሉሚኒየም ነው፣ 6 ሰርቮ (በታዘዘው ዲግሪ ዞሮ የሚቆም ሞተር) አላት፣ በአርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ነው የምትሰራው። ሮቦት ክንድ ልሰራ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የቱን ሰርቮ ልግዛ ብሎ ነው፣ እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፓወር ሰፕላዩ (ለሰርቮዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ነው ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስጀምር ኤምጂ996አር የሚባለውን ሰርቮ 4 ገዛሁ፣ ለአንጓዋና ለመያዣዋ ደግሞ ትንንሾቹን 2 ኤስጂ90። ፓወሩን ከስልክ ቻርጀር ነበር የምሰጣት፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል፣ ይበቃል አልኩ። ትከሻዋ ገና ከፍ ማለት ስትጀምር ሁሉም ሰርቮ ይንዘፈዘፋል፣ አርዱይኖው ጠፍቶ ይነሳል፣ ክንዷ ወደ መጀመሪያ ቦታዋ ትወረወራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮድ ስቀይር ከረምኩ፣ ሰርቮዎቹ ፌክ ናቸው ብዬ የሸጠልኝን ልጅ ሁሉ ተቆጥቼዋለሁ። አንድ ማታ ቴስተር ሰርቮዎቹ መግቢያ ላይ ይዤ ሳንቀሳቅሳት 5 ቮልት የነበረው 3.6 ሲገባ አየሁት፣ ቴስተር ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ እውነተኛው መውረድ ከዛም ይብሳል።

ሂሳቡ ቀላል ነው እኮ። አንድ ኤምጂ996አር ተጨንቆ ሲቆም በ6 ቮልት 2.5 አምፔር ይስባል፣ ከቆመበት ሲነሳም ለቅጽበት እዛው አካባቢ ነው የሚደርሰው። 4ቱ አንድ ላይ ከተነሱ 10 አምፔር። በመሃል 12 ቮልት አዳፕተር ከኤልኤም2596 (ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ቦርድ) ጋር ሞክሬ ነበር፣ እሱ ቢበዛ 3 አምፔር ነው፣ ጣት አያስነካም፣ አትድከሙበት።

መፍትሄውን ያገኘሁት ማስታወቂያ ከሚሰሩ ልጆች ነው። እነዚህ ሱቆች በር ላይ ጽሑፍ የሚሄድባቸው የኤልኢዲ ሰሌዳዎች አሉ አይደል፣ ውስጣቸው ያለው ብረት ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 5 ቮልት 40 አምፔር ነው፣ ያገለገለ አንድ ሸጡልኝ፣ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሽቦ ከሚታሰርበት ሞርሴቶ ጎን ትንሽ ማስተካከያ አለችው፣ በካቻቪቴ ቀስ እያልኩ 5.4 ላይ አቆምኳት፣ ሰርቮዎቹ ትንሽ ጉልበት ጨመሩ። ሰው ከመሰካቱ በፊት ጎኑ ላይ ያለችውን ማብሪያ ይይ፣ 110 ላይ ከሆነች ለኛ አገር መብራት አትሆንም፣ 220 መሆን አለባት። ደግሞ 40 አምፔር ቀልድ አይደለም፣ ሾርት ቢያደርግ ቀጭን ሽቦ ያቀልጣል፣ ስለዚህ በየመስመሩ የመኪና ፊውዝ 10 አምፔር አስገብቻለሁ። ለትከሻው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከሳጥኑ ነው የወሰድኩት፣ ለሰርቮዎቹ ትእዛዝ ከሚያከፋፍለው ፒሲኤ9685 ቦርድ የሚመጣለት የሲግናል ሽቦ ብቻ ነው። የአርዱይኖው ግራውንድ (ኔጌቲቩ) እና የፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ ካልተገናኙ ደግሞ ሰርቮው ያብዳል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሰርቮዎቹ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር (ለቅጽበት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) በስታኞ አስሬያለሁ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካዛባችሁት ይፈነዳል፣ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሰርቮዎቹ። ፓወሩ ሲስተካከል መንዘፍዘፉ ቆመ፣ እና ያኔ ነው የሰርቮዎቹን እውነተኛ ድክመት ያየሁት። እሁድ እሁድ እማዬ ቡና ስታፈላ ክንዷ ሲኒ ከረከቦት አንስታ እንድታቀብላት ነበር የምፈልገው። ባዶ ሲኒ ታነሳለች፣ የተቀዳበት ሲሆን ግን ትከሻዋ ዝቅ ትላለች፣ ሰርቮው ይጮሃል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይግላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ መያዣውና አንጓው 100 ግራም በ28 ሴንቲሜትር፣ የክርን ሰርቮው 55 ግራም በ14፣ አሉሚኒየሙ 90 ግራም በ14፣ ሲኒው ከነቡናው ወደ 150 ግራም በ30፣ እያንዳንዱ ክብደት በርቀቱ ተባዝቶ ሲደመር ወደ 9 ኪሎ-ሴንቲሜትር። ኤምጂ996አር ወረቀቱ ላይ በ4.8 ቮልት 9.4 ይላል፣ ያ ግን የመጨረሻ አቅሙ ነው፣ ከዛ በኋላ ይቆማል። ከወረቀቱ ግማሽ በላይ ባታሰሩት ይሻላል።

ጥራታቸውም አንድ አይደለም። ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ በሚዛኑ 4ቱን መዘንናቸው፣ 55 ግራም መሆን ሲገባቸው ሁለቱ 48 መጡ። መጀመሪያ የሞቱትም እነሱው ናቸው፣ አንዱ በ3ኛው ወር ተቃጠለ፣ አንዱ ውስጡ ያለው ጥርስ ተበላ። ትከሻውን 20 ኪሎ በሚባለው ዲኤስ3218 ቀየርኩት፣ ዋጋው ከፍ ይላል ግን ለትከሻ ከዚህ ያነሰ አልመክርም፣ 5 ወር ሆነው፣ ለብ ከማለት አላለፈም። ለመያዣው ኤስጂ90 አይሆንም፣ ጥርሱ ፕላስቲክ ነው፣ ኤምጂ90ኤስ አደረግኩ። መያዣው ሲኒውን እንደጨበጠ ኮዱ 3 ዲግሪ ያላላዋል፣ እንዲህ ካልተደረገ ሁሌ እየጨመቀ ራሱን ያቃጥላል።

መብራት ሲሄድ የሆነውንም ልንገራችሁ። ክንዷ ሲኒ ይዛ እያለ መብራት ሄደ፣ ዝላ ወደቀች፣ ሲኒው ተሰበረ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰርቮዎቹ የት እንዳሉ አርዱይኖው ስለማያውቅ በሙሉ ፍጥነት ወደ መነሻቸው ዘለሉ፣ የእማዬን እጅ ለጥቂት ነው የሳቱት፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዛ ወዲህ መነሻዋን የምትወድቅበት ቦታ አደረግኩት፣ ከስሯ ስፖንጅ አለ፣ የሰርቮዎቹ መስመር ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ገብቷል፣ መብራት ሲመጣ በእጄ አጥፌ ሰው ራቅ ሲል ብቻ ነው የማበራው።

ባለፈው እሁድ ሙሉ ሲኒ ሳታፈስ አቀበለች። የክርኗ ሰርቮ ግን ወዲያና ወዲህ ማለት ጀምሯል፣ በእጅ ስነካው 4 ዲግሪ ያህል ይላወሳል፣ ደሞዝ ስቀበል እሱንም በዲኤስ3218 እቀይረዋለሁ፣ ፊውዙና ሽቦው እንዳለ ይቆያል።