ደብረ ማርቆስ ላለው ፊዚዮቴራፒስታችን ምስጋና

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚያክም ባለሙያ) ልጠቁማችሁ። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ አልጽፍም። ማመስገን ግን አይከለክለኝም።

አባታችን አማኑኤል አጠገብ ጤፍ ሲያጭዱ ውለው ገቡ። ማታ ወገባቸውን በድንገት ወጋቸው። ወዲያው ሁለቱም እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ሽንትም እምቢ አላቸው። መጀመሪያ ያያቸው ባለሙያ ኩላሊት ነው አለን። ጎረቤት ወጌሻ ይጠራ አለ። በኋላ ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነስተው ለህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ለሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ተዘግቷል፣ የህብለ ሰረሰር ስትሮክ ነው ተባልን። እኛ ስትሮክ ሲባል የምናውቀው የጭንቅላቱን ብቻ ነበር።

ነገሩ የገባን ይህ ፊዚዮቴራፒስት ሲያሳየን ነው። አባቴን ዓይናቸውን አስጨፍኖ የእግራቸውን አውራ ጣት ያዘ። «አባባ፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» አንዴም አልሳቱ። ቀጥሎ በረዶ እግራቸው ላይ አሳረፈ። ዝም። በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «መቼ ልትጀምር ነው?» አሉት።

ህብለ ሰረሰር ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው ሁለት ደም ቅዳዎች አሉት። የፊተኛው ብቻውን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይመግባል። የተዘጋው እሱ ነው። የእንቅስቃሴ፣ የሕመምና የሙቀት መስመሮች በዚያ በኩል ስለሚያልፉ ተቋረጡ። ጣት የት እንዳለ የሚናገረው መስመር በኋላ በኩል ስለሆነ ተረፈ።

እናቴ እግራቸው ቀዘቀዘ ብላ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ሞልታ ልታስጠጋ ስትል ደረሰባት። «እትዬ፣ ቢቃጠሉም እኮ አይሰማቸውም!» በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ተረከዝና መቀመጫቸው ላይ የአልጋ ቁስል መፈተሽን፣ የካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ንጽሕናን ያስተማረን እሱ ነው። ጸበሉንም አልከለከለም፤ «ድንጋይ ላይ ብዙ አይቀመጡ» ብቻ አለ። በዚህ በጣም ወደድኩት።

ይድናሉ ብሎ ቃል አልገባም። «የሞተውን ነርቭ አልመልስም፣ የተረፈውን እናሠራዋለን» ነው ያለው። አባቴ አሁን በዎከር ከአልጋቸው እስከ በረንዳ ይሄዳሉ። ካቴተሩ ገና አልወጣም።

ከሥራ ሰዓት ውጪ ቤት ድረስ ይመጣል። ቀጠሮ ካላከበራችሁለት ግን ይቆጣል፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው አገናኛችኋለሁ። እግር በድንገት ከከዳ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል ሩጡ። የሱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው።