ለልጅ ልጃችን ያሠራነው የዋንዛ ጋሪ

ልጃችን ሥራ ስትገባ የ11 ወር ሕፃኗን የምንይዘው እኔና ባለቤቴ ስለሆንን፣ እየገፋ የሚራመድበትን ጋሪ እዚሁ ጅማ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አሠራን። ሕፃኑን አስቀምጦ የሚያንሸራትተውን ዎከር፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 በአደገኛነቱ ስለከለከለችው አልፈለግነውም። በባለ ሦስት እግር በርጩማዋ በታወቀች ከተማ ጥሩ አናጺ አይታጣም፤ እጀታው ለስላሳ፣ መጋጠሚያውም ጠንካራ ነው። ችግሩ ጎማው ነው፤ በሊሾ ወለል ላይ ከልጁ እግር ቀድሞ ስለሚሸሽ፣ ባለቤቴ «ወፌ ቆመች!» እያሉ ሲያጨበጭቡ ሕፃኑ በግንባሩ ሊደፋ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ሁለት ኪሎ ጤፍ በፌስታል ቋጥረን ስንጭንበት ግን ረጋ። የቫርኒሹ ሽታ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ስለፈጀ፣ ጥርስ እያወጣ ያለው ልጅ ጠርዙን እንዳይነክስ እስከዚያው ደብቀነው ነበር።